ጥግ ያዝ ለምትሉን ሁሉ

ይድረስ፦ ከአዲስ አበባ የሚወጡትን መንገዶች ለምትሠሩ፣ ለምታስተዳድሩና ለምትቆጣጠሩ መሥሪያ ቤቶች በሙሉ

ግልባጭ፦ በእነዚሁ መንገዶች ላይ ለምታሽከረክሩ፣ እንዲሁም ብስክሌት ለመግዛት ለምታስቡ

ጉዳዩ፦ የመንገድ ትከሻ እንዲጠረግልንና እንዲለቀቅልን ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

በሥራ ቀናት ቢሮ ቁጭ ብዬ የምውል፣ ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ግን ብስክሌቴን ይዤ ከከተማ የምወጣ ሰው ነኝ። አብረውኝ የሚነዱ ጓደኞች አሉኝ። አንዱ አስተማሪ ነው። አንዷ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ጋሼ የምንላቸው ደግሞ ጡረታ ወጥተዋል፤ ዳገት ላይ ግን ሁላችንንም ጥለውን ይሄዳሉ። ክለብ አይደለንም፣ ተወዳዳሪም አይደለንም። ማኅተም ስለሌለን ይህ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ቢደርስ «ቁጥር የለውም» ተብሎ እንደሚመለስ እናውቃለን። በግልጽ የጻፍነውም ለዚህ ነው።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ በሚወጡት አምስት ዋና ዋና መንገዶች ላይ፣ ግራና ቀኝ ከመኪናው መስመር ውጪ ያለው ጠርዝ፣ ማለትም የመንገድ ትከሻው፣ ብስክሌት የሚነዳበት ይሁንልን። ቀለም ይቀባልን አላልንም። አጥር ይታጠርልን አላልንም። ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው፣ የተጠረገና መሐል ላይ የማይቋረጥ ጥግ ይበቃናል። እንዲያውም ከእኛ ይልቅ የሚጠቀምበት እግረኛው ነው።

መንገድ ላይ በወጣን ቁጥር «ጥግ ያዝ!» እንባላለን። ከሲኖትራክ መስኮት እንባላለን። ከሚኒባስ ረዳት እንባላለን። ዳር ላይ ቆሞ ታክሲ ከሚጠብቅ ሰው ሳይቀር እንባላለን። እሺ፣ እንያዝ። ጥጉ ላይ ምን እንዳለ ግን አብረን እንይ።

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚወጣው የጎጃም መንገድ እንጀምር። የእንጦጦን ጀርባ የሚያቋርጥ ዳገት ነው። ዳገቱ ላይ የተጫነ ከባድ መኪና በእኛው ፍጥነት ነው የሚሄደው። ጭሱን እየጠጣን ጎን ለጎን እንወጣለን። ማለፍ አንችልም፣ እሱም አያልፈንም። ጥጉ ላይ ከላይ በዝናብ የወረደ ጠጠር ተኝቷል። ሞተሩ የጋለበት መኪና ቆሞ ድንጋይ ከጎማው ሥር ይወትፍና፣ ሲነሳ ድንጋዩን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ያ ድንጋይ ለመኪና ምንም አይደለም። ከዚያ ቁልቁል ለሚመጣ ብስክሌተኛ ግን ሞት ነው። ሜዳው ላይ ስንደርስ አትሌቶች በቡድን ይሮጣሉ። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ዝነኛ የልምምድ ቦታ ናት። እነሱም የሚሮጡት ያቺኑ ጥግ ይዘው ነው። አህያ ነጂውም፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅም እዚያው ነው።

በለገጣፎ በኩል ወደ ሰንዳፋ የሚወስደው የደብረ ብርሃን መንገድ ሌላ ነው። ሰንዳፋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ ለመንዳት ከሁሉም የተመቸ ነው፤ ዳገቱ ለስላሳ፣ ሜዳው ሰፊ። ችግሩ ገልባጭ መኪና ነው። አሸዋና ጠጠር ሳይሸፍን ይጭናል፣ በየጉብታው ያፈስሳል። የፈሰሰውን ደግሞ ሌሎች መኪኖች በንፋሳቸው ወደ ጥግ ይጠርጉታል። በቀጭን ጎማ አሸዋ ላይ ፍሬን የያዘ ሰው መጨረሻውን ያውቀዋል።

በአቃቂና በዱከም አድርጎ ቢሾፍቱ የሚደርሰው አሮጌው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዳማ ፈጣን መንገድ ለብስክሌት አልተፈቀደም። ትክክልም ነው፤ እዚያ መግባት አንፈልግም። ግን ብስክሌት ከዚያ ከተከለከለ አሮጌው መንገድ ላይ ቦታው የት እንደሆነ ማሰብ የማን ሥራ ነበር? ፋብሪካዎቹ በሚበዙበት ዱከም አካባቢ ትከሻው የከባድ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። አንዱን ለማለፍ ወደ መሐል እንወጣለን። ገባ ስንል ሌላው ቆሟል። ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ። ከኋላ ያለው ሾፌር ደግሞ ክላክሱን እየደጋገመ እየነፋ ጥግ ያዝ ይለናል።

በቡራዩ ወደ ሆለታ የሚወስደው የአምቦ መንገድ የግሌ ምርጫ ነው። ከተማው አልቆ የመናገሻ ጫካና የወጨጫ ተራራ በግራ ሲታዩ አየሩ ራሱ ይለወጣል። እዚያ የሚያስቸግረው የበዓል ሰሞን ነው፤ ጥጉ የበግና የዶሮ ገበያ ይሆናል። ነጋዴዎቹን ግን አንወቅስም። ሌላ ቦታ አልተሰጣቸውም። የጅማ መንገድ በዓለም ገናና በሰበታ በኩል ሙሉ በሙሉ ከተማ ስለሆነ፣ ያለው ባጃጅና ጭቃ ነው፤ ብዙም አልናገርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእነዚህ መንገዶች በአንዱ ላይ አንድ ጓደኛችን የመንገዱ ትከሻ ላይ የተከመረ ጠጠር ሸሽቶ ወደ መሐል ሲወጣ የከባድ መኪና መስታወት ጀርባውን መታው። ወድቆ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። መኪናው አልቆመም። ያ ጠጠር ለመንገድ ጥገና የመጣ ነበር። ጥገናው ካለቀ በኋላ ቀሪውን ያነሳው ሰው የለም። ይነሳ ብለን የጠየቅነው አንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው መራን። ሌላው ደግሞ ወሰኑ ከዚህ ወዲያ ነው አለን። በመጨረሻ በአካፋ ያነሱት የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ለግንባታ ፈልገውት።

እውነቱን ለመናገር የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ከከተማ ወጥቶ ሁለት ሰዓት የሚነዳ ሰው የከተማውን መንገድ፣ የፌዴራሉን አገር አቋራጭ መንገድና አዲስ አበባን የከበበውን የሸገር ከተማን መንገድ በአንድ ጠዋት ይረግጣል። አስፋልቱ ሲታይ አንድ ነው። ባለቤቱ ግን ሦስት ነው። አስፋልቱን ሁሉም የኔ ይላል። ትከሻውን ግን ማንም የኔ ነው ሲል አልሰማንም። ስለዚህ ትልቅ በጀት ከመጠየቃችን በፊት ትንሽ ነገር እንጠይቃለን። በአምስቱ መንገዶች ላይ ትከሻውን የሚጠርገው የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ በግልጽ ይነገረን። ለማን እንደምንደውል እንወቅ።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት መሐል ከተማ ላይ የብስክሌት መስመር አምጥቶልናል። እናመሰግናለን። ልጆች ሲነዱበት አይተን ደስ ብሎናል። ነገር ግን መስመሩ ያማረው ሰፈር ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ብስክሌት ለኑሮው የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ አብዛኛው የሚኖረው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ኮዬ ፈጬ የገባው፣ ቱሉ ዲምቱ የተከራየው፣ ለገጣፎ የሚሠራው ጥበቃ። እነዚህ ሰዎች የስፖርት ልብስ አይለብሱም፣ ሄልሜትም የላቸውም። ማለዳ ላይ በጥቁር ካፖርት ጥግ ጥጉን ሲነዱ እናገኛቸዋለን። ሰላም እንባባላለን።

ለመሐንዲሶቻችሁ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉን። የውሃ መውረጃው የብረት ፍርግርግ ብዙ ቦታ ላይ ብረቱ ከመንገዱ ጋር አንድ አቅጣጫ ይዞ ነው የተገጠመው። በብረቶቹ መሐል ያለው ክፍተት ቀጭን ጎማ ይውጣል። ጎማው ከተዋጠ ሰውዬው በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወድቃል። መፍትሔው ፍርግርጉን አንስቶ ማዞር ነው። አዲስ ብረት አይገዛም። ክብ ከሆነ ወይም አራቱ ጎኖቹ እኩል ከሆኑ አንድ ሠራተኛ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል ጉዳይማ የታወቀ ነው። ሰዎች ቅርንጫፍ ተክለው ምልክት ያደርጉበታል፤ ክረምት ላይ ግን ውሃ ሲሞላው ቅርንጫፉም ተንሳፍፎ ይሄዳል።

መንገድ በላዩ ላይ አዲስ አስፋልት ሲደረብበት ትከሻው ባለበት ይቀራል። በመሐል ስንዝር የሚያህል ደረጃ ይፈጠራል። ከዚያ ደረጃ ላይ በፍጥነት የወረደ ብስክሌት ተመልሶ መውጣት አይችልም፤ ጎማው ጠርዙን ታክኮ ይንሸራተታል። መኪና እንኳ ይገለበጥበታል። ጠርዙን በአፈር ሞልቶ መጠቅጠቅ ከአስፋልቱ ሥራ ጋር አብሮ መዋዋል አለበት እንላለን። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስትሠሩም ከዳር ብስክሌት የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉልን። መኪናው ይቀንስ፣ ብስክሌቱ በክፍተቱ ይለፍ።

ስለ ስፖርቱ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ግን አንድ ጊዜ ልበል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ነው። ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ መጥቶ ኪጋሊ ተካሄደ። ኪጋሊ ከእኛ ዝቅ ያለች የኮረብታ ከተማ ናት። ዳገት እኛም አለን፤ ከፍታውም አለን።

አሁን ወደ ግልባጩ ልለፍ።

ወንድሜ ሾፌር፣ እህቴ ሾፌር። እኔም መኪና እነዳለሁ። ከፊት ብስክሌት ሲያጋጥም እንዴት እንደሚያናድድ አውቃለሁ። ብስክሌተኛ ድንገት ወደ መሐል ሲገባ ግን አብዶ አይደለም፤ ጉድጓድ ወይም ጠርሙስ ስባሪ አይቶ ነው። እሱ ያየውን እናንተ ከላይ ሆናችሁ አታዩትም። ስለዚህ ስታልፉን ሜትር ተኩል ራቁልን። ስፔን ውስጥ ይህ ሕግ ነው። ፈረንሳይም ከከተማ ውጪ እንዲሁ ነው። እዚህ ሕግ እስኪሆን በይሉኝታ እንያዘው። ከፊት መኪና እየመጣ ቦታ ከሌለ ጥቂት ሴኮንድ ከኋላችን ቆዩ። ቦታ እንዳገኘን እጃችንን አውለብልበን እናሳልፋችኋለን።

ተሳቢ ለምትጎትቱ ለብቻ አንድ ቃል አለኝ። ተሳቢውን አትርሱት። ጋቢናው አለፈን ማለት ሁላችሁም አለፋችሁን ማለት አይደለም። ጋቢናው እንዳለፈ ወደ ጥግ ስትመለሱ ተሳቢው እኛን ወደ ቦዩ ይገፋናል። ደግሞ ትልቅ መኪና በፍጥነት ሲያልፍ አየሩ መጀመሪያ ይገፋል፣ ካለፈ በኋላ ወደ ራሱ ይስባል። የምንወላገደው ለዚህ ነው።

ክላክስ አንጠላም። ከሩቅ አንዴ አጠር አድርጋችሁ ብትነፉ «መጣሁ» ማለት ነው፣ እናመሰግናለን። ጆሯችን ሥር ስትለቁት ግን ደንግጠን ወደ እናንተው እንጋደላለን። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ጭስ ስለሌለው ደስ ይለናል። ድምፅም የለውም እንጂ! እኛ ደግሞ ከኋላ የሚመጣውን የምናውቀው በጆሯችን ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ እባካችሁ ከሩቅ አሳውቁን።

የሚኒባስ ነገር ደግሞ አለ። «ወራጅ አለ» ሲባል ታክሲው ወዲያውኑ ወደ ጥግ ይታጠፋል። ጥጉ ላይ ያለነው እኛ ነን። ታክሲው ከመቆሙ በፊት በሩ ይከፈታል። ረዳቶች፣ አንዴ ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ እዩ፣ ከዚያ ክፈቱ። ሌላ አንጠይቃችሁም።

ብስክሌት ልትገዙ ላሰባችሁ ደግሞ የምናውቀውን እንንገራችሁ። መንገዱ እስኪስተካከል መጠበቅ የለባችሁም።

መጀመሪያ ስለ ዓይነቱ። በቀጭን ጎማ የሚሄደው የውድድር ብስክሌት አስፋልት ላይ እንደ ወፍ ይበራል። ከቤትህ እስከ አስፋልቱ ያለው ኮብልስቶን ወይም ኮረኮንች ከሆነ ግን ገና ሳትጀምር ትደክማለህ። ለከተማ ዳር ሰው ሰፋ ያለ ጎማ ያለው ማውንቴን ይሻላል። ሁለተኛ እጅ ስትገዛ ቀለሙን ተወው። ብስክሌቱን አንስተህ ጎማውን አሽከርክር፤ ቸርኬው እየተወላገደ ፍሬኑን ከነካ ተጣሟል። ፍሬሙ የተበየደበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ፈልግ። ማርሹን ከትንሹ እስከ ትልቁ ቀይር። ከዚያ ስለ ዋጋ ተነጋገር።

ኮርቻውን ከፍ አድርጉት። አብዛኛው ሰው ሁለት እግሩ መሬት እንዲነካ ብሎ ዝቅ ያደርገዋል፣ ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ ይላል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ሊዘረጋ ምንም ያህል ያልቀረው፣ ጉልበታችሁ ጥቂት ብቻ የታጠፈ መሆን አለበት። ስትቆሙ ከኮርቻው ወደ ፊት ወርዳችሁ ቁሙ። በአንድ ሳምንት ትለምዱታላችሁ።

ጎሚስታ የትም አለ፣ እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን ሁለት ነገር እወቁ። የብዙ ውድድር ብስክሌቶች ከመነዳሪ አፉ ቀጭን ነው፣ የጎሚስታው ቱቦ አይገጥመውም። የምትገጥም ትንሽ የነሐስ ማገናኛ አለች፤ ገዝታችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አኑሯት። ሁለተኛው፣ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ለመኪና የተሠራ ነው። የብስክሌት ከመነዳሪ ትንሽ ስለሆነ በሴኮንዶች ይሞላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ቱቦውን ከእጁ ተቀብላችሁ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ በጣታችሁ ጎማውን ፈትሹ። ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ ትንሽ የእጅ ፓምፕ ካላችሁ ከሆለታ ማዶም ቢሆን አትቸገሩም።

ዳገት ላይ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ። እንጦጦ አናት ላይ ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ከታች ጀምሮ ቀላል ማርሽ ይዞ መውጣት ነው ያለው። ማውራት እስኪያቅታችሁ ከነዳችሁ ፍጥነታችሁ በዝቷል። የቢሾፍቱ መንገድ ደግሞ ሲሄዱበት ያታልላል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ አዲስ አበባ ከዚያ በ400 ሜትርና ከዚያም በላይ ትበልጣለች። ስትሄዱ በርትቻለሁ ትላላችሁ፤ ቁልቁለት ነው። ስትመለሱ ሁሉንም ትከፍሉታላችሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ ዱከም ላይ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዛችሁ አትውረዱ። ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ይግላል፤ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ከመነዳሪውን እስከማፈንዳት ይደርሳል። ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዚያ ልቀቁ። ሁለቱንም ፍሬን ተጠቀሙ። የፊቱ ነው በደንብ የሚያቆመው፣ ግን አሸዋ ወይም ጭቃ ላይ አትንኩት። ዝናብ ሲሆን የፍሬን ጎማው መጀመሪያ ውሃውን ጠርጎ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ክረምት ላይ ዋልካ ውስጥ አትግቡ። ጥቁሩ አፈር ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ፍሬም ውስጥ ይሞላል፣ ብስክሌቱም መሽከርከር ያቆማል። ትሸከሙታላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ አስፋልት ላይ ብቻ ንዱ። ከሱሉልታ በላይ ጉም ስለሚወርድ ቀንም ቢሆን የኋላ ቀይ መብራት አብሩ። ነጎድጓድ ከጀመረ የእንጦጦ ጫፍ ላይ አትቆዩ።

ስንቅ በተመለከተ ከውጭ የሚመጣውን ጣፋጭ አልመክርም፤ ዋጋውም አይቀመስም። በሶ የሚያህል የለም። ማታ በጥብጣችሁ ጨው ጣል አድርጉበት፣ በውሃ መያዣው ያዙት። ሙዝና ቆሎ ጨምሩ። በጾም ለምትነዱ በሶና ቴምር ይበቃል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ግን ረጅሙን መንገድ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ጉልበት የሚከዳው ሳያስጠነቅቅ ነው።

ውሻ ሲያባርራችሁ ለመሸሽ አትሞክሩ፤ የሚያባርረው የሚሸሽ ነገር ነው። ቆማችሁ ውረዱ። ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መሐል አድርጉ። ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ ያነሳችሁ ምሰሉ፣ አብዛኛው ይመለሳል። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዳችሁ የእብድ ውሻ ክትባት ጠይቁ። ነገ አይባልም። ጅቡስ የምትሉ አላችሁ። እንጦጦ ላይ አለ፣ ግን ሳይነጋ ብቻውን ጫካ ለሚገባ ሰው ነው የሚያሰጋው። ወደ ሩቅ ከመሄዳችሁ በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን የመስመሩን ሾፌሮች ጠይቁ። ብቻችሁን አትውጡ።

ፋርማሲ የምትሠራው ጓደኛችን ይህን ጨምርልኝ ብላኛለች። ሴት ብስክሌት ስትነዳ ከመንገዱ ሁሉ የሚከብደው አፍ ነው። ከየባጃጁ፣ ከየግንባታው ላይ የሚወረወረው። ልጆች «ቻይና! ቻይና!» ብለው ሲሮጡ ያስቃል፣ ትልቅ ሰው የሚለው ግን አያስቅም። ሴት ልጃችሁ መንዳት ከፈለገች አትከልክሏት ትላለች፤ በቡድን ላኳት።

የመጨረሻው ስለ እንጦጦ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ውስጥ ብስክሌት የሚነዳበት መንገድ አለ። ለመለማመድ ጥሩ ነው፣ መኪና የለም። ከፓርኩ ውጪ ባሉት የባሕር ዛፍ ውስጥ መንገዶች ላይ ግን እኛ እንግዶች ነን። መንገዱ የእንጨት ተሸካሚ እናቶች ነው። ሸክሙ ከእነሱ ይሰፋል፣ ቆም ብለው ዞር ማለት አይችሉም። ሲመጡ ከሩቅ አይታችሁ ውረዱ፣ ዳር ቁሙ፣ ይለፉ። ከላይ በፍጥነት እየወረዱ «መንገድ! መንገድ!» ብሎ መጮኽ ነውር ነው። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ፍሬም እንደ በረዶ ያንሸራትታል፣ እዚያ ላይ ኩርባ አትያዙ። በወር በ1 ለራጉኤል፣ በ16 ለኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ለማርያም ምእመናን በብዛት ይወጣሉ። በእነዚያ ቀናት ወደ ሌላ አቅጣጫ ንዱ። እኛ ሾፌሮችን ራቁልን ካልን፣ ለእግረኛው እኛም መራቅ አለብን።

ክቡራን፣ ወደ እናንተ ልመለስና ልጨርስ። ስብሰባ አንጠይቅም፤ የስብሰባ ልምዳችን ጥሩ አይደለም። የምንጠይቀው ከየመሥሪያ ቤታችሁ አንድ አንድ መሐንዲስ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አዲሱ ገበያ እንዲመጣልን ነው። ከዚያ ሱሉልታ ድረስ በትከሻው ላይ አብረን እንሄዳለን። የሚዞረውን ፍርግርግ፣ የሚሞላውን ጠርዝ፣ የሚነሳውን ድንጋይ እያሳየን እንመዘግባለን። ወሰኑ የት ላይ እንደሚቀየርም እዚያው ቆመው እርስ በእርሳቸው ይነጋገሩ። ትርፍ ብስክሌትና ሄልሜት አለን። በሶውን እኛ እናመጣለን። ጋሼ ቀስ ብለው እንዲነዱም እንነግራቸዋለን፣ መስማታቸውን ግን ቃል አንገባም።

መንዳት የማይችል ካለ በመኪናው ከኋላችን ይምጣ። ሲያልፈን ብቻ ሜትር ተኩል ይራቅልን።

ከሰላምታ ጋር፣

የቅዳሜና የእሑድ ብስክሌተኞች